ከሽሮ ሜዳ እስከ እንጦጦ ማርያም፦ የቁስቋም ዳገት ስለ ልባችሁ ምን ይነግራችኋል?

 

ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች ሦስቱ ተደጋገሙብኝ። አንደኛው፦ «ዶክተር፣ እንጦጦ ስወጣ ደረቴን ጭምድድ ያደርገኛል። ጨጓራ ይሆን?» ሁለተኛው፦ «ከጓደኞቼ ሁሉ ትንፋሽ የሚያጥረኝ እኔን ብቻ ነው። ስፖርት ስላልለመድኩ ነው አይደል?» ሦስተኛው፦ «እናቴ ስኳር አለባት። ፀበል በእግሯ መውጣት ትችላለች?»

ሦስቱም ጥያቄ ስለ አንድ ዳገት ነው። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ በቁስቋም አድርጎ እንጦጦ ስለሚወጣው።

እኔ እዚህ ሰፈር ነው የምውለው። እሁድ ጠዋት ቱታ ለብሶ የሚወጣውን ወጣት፣ ነጠላ አጣፍተው ወደ ቤተክርስቲያን የሚሄዱትን እናቶች፣ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች በየቀኑ አያለሁ። እና አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ ይህ ዳገት ነፃ የልብ ምርመራ ነው። ትልልቅ ሆስፒታሎች ውስጥ ታካሚን ትሬድሚል ላይ አስወጥተን፣ ማሽኑን ቀስ በቀስ ዳገት እያደረግን ልቡን የምንከታተልበት ምርመራ አለ። እናንተ ያንን ምርመራ በየሳምንቱ በራሳችሁ እግር እየሠራችሁት ነው። የጎደለው ውጤቱን የሚያነብ ሰው ነው። ዛሬ ንባቡን አብረን እንማር።

ለምን እንደ ጎልፍ?

ዳገቱን እንደ ጎልፍ ሜዳ ከፋፍዬ ነው የማሳያችሁ። በእኛ ሰፈር በዱላ ኳስ መምታት ሲባል ትዝ የሚለን ጃን ሜዳና የገና ጨዋታ ነው እንጂ ጎልፍ አይደለም፤ ግን ከጎልፍ የምንዋሰው ጥሩ ሐሳብ አለ። ሙሉ የጎልፍ ሜዳ 18 ጉድጓድ አለው፤ አነስ ያለው 9። ተጫዋቹ ሜዳውን በጠቅላላ አያስበውም፤ አንድ ጉድጓድ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እያንዳንዱ ጉድጓድ ደግሞ «ፓር» የሚባል ቁጥር አለው። ጎበዝ ተጫዋች ኳሷን ስንት ጊዜ መትቶ ጉድጓዱ ውስጥ መክተት እንዳለበት የሚናገር ነው። ከፓር በላይ ከመታችሁ፣ እዚያ ጋ የሆነ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። 18ቱን ጉድጓድ በእግሩ የሚዞር ሰው ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ይራመዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች 300,000 ያህል ጎልፍ ተጫዋቾችን መርምረው፣ በዕድሜ፣ በፆታና በኑሮ ደረጃ ከሚመስሏቸው ሰዎች ጋር ሲያነጻጽሯቸው የሞት መጠናቸው በ40 በመቶ ያነሰ ሆኖ አገኙት። ይህም ወደ 5 ዓመት ተጨማሪ ዕድሜ ማለት ነው ብለዋል። መጀመሪያውኑ ጤነኛ የሆነ ሰው ስለሚጫወተውም ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ለሰዓታት በሣር ላይ መራመዱ ድርሻ እንዳለው አያጠራጥርም። ዱላውና ኳሱ ቢቀርብንም መራመዱ አይቀርብንም። የእኛ ሜዳ ደግሞ የአባልነት ክፍያ የለውም።

እሺ፣ ዘጠኙን ጉድጓድ እንጀምር። በእያንዳንዱ ላይ «ፓር» ያልኩት ጤነኛ ሰውነት የሚያሳየውን ነው፤ «ከፓር በላይ» ያልኩት ደግሞ ማስጠንቀቂያውን።

1ኛ ጉድጓድ፦ ቤት ውስጥ

ዳገቱ የሚጀምረው በራችሁ ላይ ነው። ዕድሜያችሁ ከ40 በላይ ከሆነ፣ ወይም ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ሕመም በቤተሰብ ካለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመውጣታችሁ በፊት ግፊታችሁን ተለኩ። ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ተደጋግሞ ሲለካ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ጋ መታየት ያስፈልጋል፤ ያ ማለት ግን አትራመዱ ማለት አይደለም። 180/110 ከደረሰ ግን ዳገቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ ግፊቱ ይውረድ።

የግፊት መድኃኒታችሁን «ዛሬ ስፖርት ስለምሠራ» ብላችሁ አትዝለሉት። ሽንት የሚያበዛውን ዓይነት የምትወስዱ ከሆነ ውሃ መጠጣታችሁን አረጋግጡ።

አሁን ስኳር ላለባቸው። ኢንሱሊን ወይም እንደ ግሊቤንክላማይድ ያለ እንክብል ወስዶ፣ በባዶ ሆድ ዳገት መውጣት አደገኛ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ስኳሩን ከደም ይስበዋል፤ መድኃኒቱም እዚያው ላይ ይጨምርበታል። በጾም ሰሞን ይህ በጣም ያጋጥማል። የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን አስቀድማችሁ ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ። ኪሳችሁ ውስጥ ደግሞ ከረሜላ ወይም ስኳር ይኑር። ቆሎ ጥሩ ምግብ ነው፤ ስኳር ወርዶ እጅ ሲንቀጠቀጥ ግን ቶሎ አይደርስም። ያኔ የሚያስፈልገው ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ ነው።

ፓር፦ ግፊት ተለክቷል፣ መድኃኒት ተወስዷል፣ ውሃ ተይዟል፣ አብሮ የሚሄድ ሰው አለ። ንጋት ላይ ጫካውን ብቻችሁን አትግቡ፤ የእንጦጦን ጅብ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል።

2ኛ ጉድጓድ፦ ሽሮ ሜዳ

ከታክሲ ወርዳችሁ ወዲያው አትሩጡ። ሽሮ ሜዳ የሸማ ገበያው የታወቀ ነው፤ የሐበሻ ቀሚሱንና ጥበቡን እያያችሁ ለአሥር ደቂቃ ያህል ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ይህ ጊዜ ማባከን አይደለም። የልብ የደም ሥሮች ለሥራው የሚከፈቱት ቀስ በቀስ ነው። በተለይ ጠዋት ብርድ ላይ ቀዝቃዛ ልብን በድንገት ዳገት ላይ መጣል ጥሩ አይደለም።

ፓር፦ ሰውነት ሞቅ ይላል፣ ጃኬት ማውለቅ ያምራችኋል። ከፓር በላይ፦ ገና በሜዳው ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ ወይም ደረት ከያዛችሁ፣ የዛሬው ጨዋታ እዚህ ያበቃል። ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ሐኪም።

3ኛ ጉድጓድ፦ ቁስቋም

እዚህ ዳገቱ መናገር ይጀምራል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው ከቤተክርስቲያኗ ነው። ቁስቋም ቅድስት ማርያም ልጇን ይዛ ስትሰደድ ያረፈችበት የግብፅ ስፍራ ነው፤ በዓሏም ኅዳር 6 ከጽጌ ጾም ማብቂያ ጋር ይውላል። የስደቱ ማረፊያ ማለት ነው። እናንተም እዚህ ጋ ራሳችሁን የምትጠይቁበት ማረፊያ አድርጉት።

ጥያቄው ቀላል ነው፦ እየወጣሁ ማውራት እችላለሁ? ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ከቻላችሁ ነገር ግን መዝፈን ካቃታችሁ፣ ትክክለኛው ፍጥነት ላይ ናችሁ። ሁለት ሦስት ቃል ተናግራችሁ ትንፋሽ መውሰድ ካስፈለጋችሁ ፈጥናችኋል፤ ቀንሱ።

የእጅ ሰዓታችሁን ብቻ አትመኑ። እንደ አቴኖሎል ወይም ሜቶፕሮሎል ያለ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የልብ ምታችሁ እንደ ሌላው ሰው አይጨምርም። ሰዓቱ «ገና ነህ» ሲላችሁ ሰውነታችሁ ጨርሷል ማለት ነው። የንግግር ፈተናው ግን ለሁሉም ይሠራል።

4ኛ ጉድጓድ፦ ያቺ ምሰሶ

የዛሬው ጽሑፍ ዋና ነገር እዚህ ነው። ሌላውን ብትዘሉ ይህን አንብቡ።

አንድ ታካሚ ልንገራችሁ። ፈቃዳቸውን ጠይቄያለሁ፤ ማንነታቸው እንዳይለይም አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ሃምሳዎቹን አጋምሰዋል፤ ዕድሜ ልካቸውን ሾፌር ነበሩ። የመጡት የጨጓራ መድኃኒት እንድጽፍላቸው ነው።

«ኦሜፕራዞሉ አልቆብኝ ነው የመጣሁት ልጄ። ቶሎ ብትጽፍልኝ እሄዳለሁ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ሕመሙ የሚብስብዎት ሲበሉ ነው ወይስ ሲራብዎት?»

«እሱን እንኳ አላየሁትም። የምግብ አይደለም። ዳገት ስወጣ ነው የሚነሳብኝ። ወደ ቤቴ ስገባ አንዲት የመብራት ምሰሶ አለች፤ እሷ ጋ ስደርስ እዚህ ጋ ይይዘኛል።» ጣታቸውን አልቀሰሩም፤ መዳፋቸውን ዘርግተው የደረታቸው መሀል ላይ አሳረፉት።

«ከዚያስ?»

«ምሰሶዋን ተደግፌ ቆም እላለሁ። ሁለት ሦስት ደቂቃ። ይተወኛል፤ እሄዳለሁ። በፊት እዚያ ድረስ አያገኘኝም ነበር፤ ከላይ ካለው ሱቅ ጋ ነበር የሚይዘኝ።»

ይህን ታሪክ ደግማችሁ አንብቡት። ሕመሙ ምግብን አይከተልም፣ ዳገትን ነው የሚከተለው። ሲቆሙ ይተዋል። ቦታው የታወቀ ነው። ቦታው ደግሞ በወራት ውስጥ ከላይ ወደ ታች ወርዷል፤ ማለትም በፊት ከሚችሉት ያነሰ ሥራ አሁን ሕመሙን ይቀሰቅሰዋል። ይህ ጨጓራ አይደለም። ለልብ ጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቧንቧዎች ጠበዋል ማለት ነው። ልብ በሜዳ ሲሄዱ የሚደርሰው ደም ይበቃዋል፤ ዳገት ላይ ሥራው ሲጨምር ግን አይበቃውም፤ ያን ጊዜ ይጮኻል። ጩኸቱ ያ መጨምደድ ነው።

የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ኢሲጂ የምንለውን አደረግንላቸው። ቁጭ ብለው ሲነሱት ጤነኛ ነበር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተመስገን፣ ልቤ ደህና ነው» ብሎ ይሄዳል። ግን አስቡት፦ ምሰሶዋ ጋ የሚመጣን ነገር አልጋ ላይ ተኝታችሁ እንዴት ታገኙታላችሁ? ዕረፍት ላይ የተነሳ ጤነኛ ኢሲጂ ይህን በሽታ አያስቀርም። ግፊታቸው ግን 170/100 ነበር፤ ተለክተው አያውቁም። ሕክምና አስጀምረን ወደ ልብ ስፔሻሊስት ላክናቸው። የደም ሥሮቻቸው ጠበው ተገኙ። ዛሬ መድኃኒታቸውን እየወሰዱ፣ በሐኪማቸው ፈቃድ ቀስ ብለው ይራመዳሉ።

እኚህ ሰው ለወራት ተልባ ሲጠጡ፣ ወተት ሲጠጡ፣ «ብርድ መቶኝ ነው» ሲሉ ነበር። ምሰሶዋ ግን በየቀኑ እውነቱን ትነግራቸው ነበር።

ስለዚህ የልብ ሕመምን እንዲህ ለዩት፦

• መጨምደድ፣ መጫን ወይም ማቃጠል ነው እንጂ እንደ መርፌ ጠቅ የሚያደርግ አይደለም። ብዙ ጊዜ የደረት መሀል ነው፤ ወደ ግራ እጅ፣ ወደ አንገትና መንጋጋ፣ ወይም ወደ ሆድ ቅርብ ሊሄድ ይችላል።

• በሥራ፣ በዳገት፣ በብርድ ወይም በንዴት ይነሳል። በዕረፍት በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይተዋል።

• በሴቶች፣ በአረጋውያንና ስኳር ባለባቸው ሰዎች ላይ ሕመም ላይኖረው ይችላል። ድንገተኛ ድካም፣ ትንፋሽ ማጠር፣ ማቅለሽለሽ ወይም ላብ ብቻ ሆኖ ይመጣል።

ፓር፦ የእግር ጡንቻ ማቃጠል፣ ላብ፣ ፈጣን ትንፋሽ፤ ቆም ስትሉ የሚረጋጋ። ከፓር በላይ፦ ደረት ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ጫና። ቁሙ፣ ተቀመጡ። ከተወው፣ በዚያው ሳምንት ሐኪም ጋ ሂዱ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣ ከሆነ፣ እየደጋገመ ወይም በትንሽ ሥራ እየመጣ ከሆነ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ታዩ። ቁጭ ብላችሁ ከአሥር ደቂቃ በላይ ካልተወ፣ ወይም ላብና ማቅለሽለሽ ካለው፣ ድንገተኛ ነው፤ «ትንሽ ልረፍና ልሂድ» አይባልም። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ የአዲስ አበባ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939። ስልካችሁ ላይ አሁኑኑ መዝግቧቸው።

5ኛ ጉድጓድ፦ ትንፋሽ

«እኔ ብቻ ነኝ የማልችለው» ያልሽኝ እህቴ፣ ይህ ላንቺ ነው።

በመጀመሪያ የሁላችንንም ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር አለ፤ ከፍታው። መስቀል አደባባይ አካባቢ ወደ 2,350 ሜትር ነው፤ እንጦጦ አናት ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ነን። እዚያ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ያህል ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ሯጮቻችን እንጦጦ ላይ የሚለማመዱትም ለዚህ ነው። እኛ ደጋ ያደግን ሰዎች ግን አንድ ነገር ታድለናል። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምሮ፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንና የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ አግኝቶታል። በአንዲስ ተራሮች ከሚኖሩት ይለያሉ፤ የእነዚያ ደም በሄሞግሎቢን ይወፍራል።

ስለዚህ አዲስ አበባ ያደገች የ25 ዓመት ልጅ ጓደኞቿ እያወሩ የሚወጡትን ዳገት እሷ በየሃያ እርምጃው የምትቆም ከሆነ፣ «ከፍታው ነው» ብዬ አላልፈውም። እነዚህን አስባለሁ፦

የልብ በር ሕመም። በሀገራችን ወጣቶች ላይ በጣም ይታያል። በልጅነት የጉሮሮ ቁስለት፣ ማለትም ቶንሲል፣ በአግባቡ ሳይታከም ሲቀር ሰውነት በራሱ የልብ በር ላይ ይነሳል፤ ጉዳቱ ከዓመታት በኋላ በዳገት፣ ወይም በእርግዝና ወቅት ይገለጣል። ከትንፋሽ ማጠሩ ጋር የልብ መምታት፣ የእግር ማበጥ፣ ማታ በትራስ ከፍ ብሎ ካልሆነ መተኛት አለመቻል ካለ አትቆዩ። የልብ አልትራሳውንድ በቀላሉ ያሳየዋል።

የደም ማነስ። የወር አበባዋ የሚበዛ ሴት መጀመሪያ የምታስተውለው ደረጃና ዳገት ላይ ነው።

ቲቢ። በዚሁ የእንጦጦ ዳገት ላይ ያለው ቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል ለአሥርት ዓመታት የሚታወቀው በሳምባ ነቀርሳ ሕክምና ነው፤ ዛሬ ሌሎች አገልግሎቶችንም ይሰጣል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ሳል፣ ማታ ማታ ላብ፣ ክብደት መቀነስ ካለ የአክታ ምርመራ አድርጉ። ሕክምናው በመንግሥት ተቋማት ነፃ ነው።

አስም። ብርድ ያለበት ጠዋትና ጭስ ይቀሰቅሰዋል። ሲር ሲር የሚል ድምፅ ካለ የሚነፋ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ፓር፦ ሳምንት በሳምንት መሻሻል። በስድስተኛው ሳምንት ከመጀመሪያው ባነሰ ዕረፍት መውጣት አለባችሁ። ከፓር በላይ፦ ስትለማመዱ ከመሻሻል ይልቅ እየባሰ መሄድ። ልምምድ ያጣ ሰው እየለመደ ይሄዳል፤ የታመመ ልብ ግን አይለምድም። ልዩነቱ ይሄ ነው።

6ኛ ጉድጓድ፦ ባሕር ዛፉ

ሽታው ደስ ይላል። በምኒልክ ዘመን ከአውስትራሊያ የመጣው ዛፍ ለከተማዋ የማገዶና የቤት መሥሪያ ሆነ። እዚህ መንገድ ላይ እኛ ለጤና ስንወጣ፣ እንጨትና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱ ሴቶች እናገኛለን። ሸክሙ ከ30 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ ብዙ ጊዜ በባዶ ሆድ ነው።

ለእነሱ «በሳምንት 150 ደቂቃ ተንቀሳቀሱ» ብሎ ምክር የለም። የእነሱ ችግር እንቅስቃሴ መብዛቱ ነው። የወገብ፣ የአንገት፣ የጉልበት ሕመም ያመጣል። ሌላም የማይነገር ነገር አለ፦ የማህፀን ወደ ታች መውረድ። ከወለዱ በኋላ ቶሎ ከባድ ሸክም መሸከም ለዚህ ያጋልጣል። ብዙዎች ያፍሩበታል፣ ለባላቸውም አይናገሩም። ሕክምና አለው፤ ቀለል ያለው በድጋፍ ቀለበትና በጡንቻ ልምምድ፣ የባሰው በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል። ይህን ጽሑፍ ስማርት ስልክ የሌላት ያቺ እናት አታነበውም። እናንተ ግን ታውቋታላችሁ፤ እንጨት ታመጣላችኋለች፣ ወይም ጎረቤታችሁ ናት። ንገሯት። መንገድም ልቀቁላት፤ ዳገት ላይ ቅድሚያ የሸክም ነው።

7ኛ ጉድጓድ፦ እንጦጦ ማርያም

ደረስን። ከተማዋ ወደ ፍልውሃ ከመውረዷ በፊት የምኒልክ ከተማ እዚህ ነበረች። ንጉሡ በ1882 ዓ.ም. የነገሡትም በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥታቸው ዛሬም አጠገቡ ቆሟል። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ፍልውሃውን ወደው ታች ባይሰፍሩ ኖሮ፣ ሁላችንም በየቀኑ እዚህ ብርድ ላይ እንነቃ ነበር።

ብዙ ሰው ግን እዚህ የሚመጣው ለፀበል ነው። እኔ በእምነታችሁ አልገባም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። የኤችአይቪ መድኃኒት ሲቋረጥ ቫይረሱ ይነሳል፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ተከታታይ መውደቅ ያመጣል። ኢንሱሊን ሲቋረጥ፣ በተለይ በልጆችና በወጣቶች ላይ፣ በቀናት ውስጥ ይገድላል። ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም ፀበሉም መድኃኒቱም አብረው እንደሚሄዱ በይፋ ተናግረው ነበር። ፀበል ጠጡ፣ እንክብሉንም ዋጡ። አይጣሉም።

«እናቴ ስኳር አለባት፤ መውጣት ትችላለች?» ላላችሁኝ፦ ግፊቷና ስኳሯ ከተስተካከለ፣ እግሯ ላይ ቁስል ከሌለ፣ ደረቷን የማይዛት ከሆነ፣ ቀስ ብላ ከሰው ጋር ትችላለች። ካልሆነ በመኪና ትውጣና በሜዳው ትራመድ። በረከቱ አይቀርባትም።

8ኛ ጉድጓድ፦ አናቱ ላይ

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የተከፈተው እንጦጦ ፓርክ ብዙ የከተማ ሰው ወደዚህ አምጥቷል። ደስ ይለኛል። ግን ላብ ላይ ሆናችሁ ፎቶ ስትነሱ ነፋሱ ያቀዘቅዛችኋል፤ ደረቅ ልብስ ደርቡ። ከፍታው ላይ የፀሐዩ ጨረርም ይበረታል፤ ብርድ ስለሆነ አያቃጥልም ማለት አይደለም። ኮፍያ አድርጉ። ውሃ በትንሽ በትንሹ ጠጡ። በክረምት ደመና ሲጠቁርና ሲያጉረመርም ዛፍ ሥር አትጠለሉ፤ ውረዱ ወይም ቤት ግቡ።

ፓር፦ ቁጭ ባላችሁ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽና የልብ ምት መረጋጋት። ከፓር በላይ፦ ራስ መሳት ወይም ሊያስታችሁ መድረስ። ዳገት እየወጣ ራሱን የሳተ ሰው «ቁርስ አልበላም ነበር» ተብሎ አይታለፍም። ልቡ መታየት አለበት።

9ኛ ጉድጓድ፦ ቁልቁለቱ

ሁሉም «መውጣቱ ነው እንጂ መውረዱ ቀላል ነው» ይላል። ለልብ አዎ፤ ለጉልበት አይደለም። ቁልቁለት ላይ ጡንቻው እየተለጠጠ ነው ሰውነታችሁን የሚይዘው፤ ለዚህ ነው ከባዱ የጭን ሕመም በማግስቱና በሦስተኛው ቀን የሚመጣው። ያ ጤነኛ ሕመም ነው፤ ራሱ ይተዋል። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን ትንሽ አጠፍ አድርጉ፣ አትሩጡ። ጉልበታችሁ የሚያማችሁ በእግር ውጡና በታክሲ ውረዱ፤ አያሳፍርም።

ስኳር ያለባችሁ ቤት እንደገባችሁ ካልሲያችሁን አውልቁና እግራችሁን እዩ። በጣቶቹ መሀል፣ ተረከዝ፣ ጥፍር። የደነዘዘ እግር ጫማ ሲበላው አይሰማም። ውሃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ነገር ካለ በማግስቱ ለባለሙያ አሳዩ።

ውጤታችሁን መዝግቡ

ጎልፍ ተጫዋች ካርድ ይይዛል። እናንተም ስልካችሁ ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የት ጋ ቆምኩ? ለምን ቆምኩ (እግር፣ ትንፋሽ ወይስ ደረት)? ስንት ደቂቃ ወሰደብኝ? በወር አራት ጊዜ ከጻፋችሁ፣ ይዛችሁልኝ ከምትመጡት ብዙ የላብራቶሪ ወረቀት የበለጠ ለሐኪማችሁ ይጠቅማል። እግራችሁን አሟችሁ ከቆማችሁ ልምምድ ነው። ትንፋሽ አጥሯችሁ ከቆማችሁና በየሳምንቱ ካልተሻለ፣ ታዩ። ደረታችሁን ይዟችሁ ከቆማችሁ፣ አንዴም ቢሆን፣ ታዩ።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። አንድ እሁድ እንጦጦ ወጥቶ ስድስት ቀን መቀመጥ ያንን አይተካም። በአዘቦት ቀን ግማሽ ሰዓት መራመድ ይጨመርበት። ታክሲውን አንድ ፌርማታ ቀድማችሁ ውረዱ።

እና እባካችሁ፣ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ አባታችሁን ወይም እናታችሁን ይህን ጠይቁልኝ፦ «ዳገት ስትወጡ የምትቆሙበት ቦታ አለ? ለምን ነው የምትቆሙት?» መልሳቸው «ጨጓራዬ» ከሆነ፣ መዳፋቸውን የት እንደሚያሳርፉ እዩ።

ይህን ጽሑፍ ዳገት ለሚወጣ ወዳጃችሁ አጋሩት። ጥያቄ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ደረታችሁን አሁን እየያዛችሁ ከሆነ ግን ለእኔ አትጻፉ፣ 907 ደውሉ።

ጤናችሁ ይብዛልኝ!